አህያው በጫማ የደወለ ዕለት

ጠዋት ጠዋት ኮዬ ፈጬ፣ የታክሲው ሰልፍ በየተራ ይስቃል። መጀመሪያ ከፊት የቆመች ወጣት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እሷ ስትጨርስ ከኋላ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ አፉን በመዳፉ ይከድናል። ከዚያ መሃል ላይ አንዱ። ሁለት ሰው አንድ ላይ አይስቅም። ተራ አስከባሪው ያብስራ ይህን ልብ ካለ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች እኩል ሲስቁ ያየ መስሎት ደንግጦ ነበር፤ ለካ አንደኛው እያስነጠሰ ነው።

ታክሲዎቹ ሾፌር የላቸውም፣ ረዳትም የላቸውም። ተራ አስከባሪ ግን አላቸው። ማኅበራቸው አንድ ወቅት ተራ አስከባሪዎቹን አሰናብቶ መሬት ላይ የሚበራ መስመር ዘርግቶ ነበር። ሕዝቡ የሚበራው መስመር ላይ ቆሞ ተጋፋ። ያብስራ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ መስመሩም ሳይነሳ ቀረ፤ እስካሁን ይበራል።

ያብስራ የሚለው ስም ሲወጣለት የሕፃን ስም ነበር። አሁን የሽማግሌ ስም ነው። ሰልፈኞቹ "ጋሽ ያብስራ" ይሉታል፤ ከዚያ ሌላ ብዙም አይሉትም።

ማታ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው የኮንዶሚኒየም ቤቱ ይወጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ እንደማንኛውም ሰው "የእኔዎቹን" ይከፍታል። ሁሉም ሰው ለእሱ ብቻ የሚሠራለትን ካርቱን "የእኔዎቹ" ነው የሚለው፤ ቤት በቲቪ ያየዋል፣ ውጭ በጆሮው ይሰማዋል። ያብስራ በሚያየው ውስጥ ማኅተም የሚመታ አህያ ጸሐፊ አለ። ከመዋሸቱ በፊት ሁለት ጊዜ የሚያስል ጅብ አለ፤ እሱ የተራ አስከባሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ናሆም ነው፣ ከነሳሉ። ሹራቧን ገልብጣ የምትለብስ ዶሮ አለች፤ አራተኛ ክፍል ያስተማረችው እትዬ ጥሩ ናት። ግማሹ ባዶ የሆነ ታክሲ አጠገብ ቆሞ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ የሚጮህ አውራ ዶሮም አለ። እሱ ራሱ ያብስራ ነው፣ በወጣትነቱ፣ ድምፅ በነበረው ጊዜ።

ድሮ ካርቱን የሚያላግጠው ሁሉም ሰው በሚያውቀው ነገር ነበር። አንድ የሳሙና ማስታወቂያ ይወጣል፣ ዘፈኑ አፍ ላይ ይጣበቃል፣ በሳምንቱ አንድ የካርቱን ዝሆን ያንኑ ዘፈን እየዘፈነ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ዝሆኑን ይሆናል፤ ተሳፋሪው ሁሉ፣ ኮስታራው ሳይቀር፣ ይስቃል። በኋላ ሁሉም የየራሱን ማየት ሲጀምር ሁሉም የሚያውቀው ማስታወቂያ አለቀ። ሁሉም የሚያውቀው ዘፈንም አለቀ። የቀረው እያንዳንዱ ለብቻው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ካርቱኑም ወደዚያው ዞረ። ይህን ለውጥ የተቃወመ ሰው አልነበረም። ቀልዱ ከድሮው የበለጠ ያስቃል።

የእኔዎቹን ለሌላ ሰው ማውራት ግን ነውር ነው። ሰው ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ ምን እንዳደረገ አይናገርም፤ እንደዚያ ነው።

አንድ ማክሰኞ አህያው ማኅተሙን አስቀመጠ። ባለጉዳዮቹ ፊቱ ተሰልፈዋል። ጎንበስ ብሎ የቀኝ እግሩን ጫማ አወለቀና ጆሮው ላይ ለጠፈው።

"አሎ፣ ዝዋይ? ዓሣው ደርሷል። አባባስ?"

መልስ የሚጠብቅ ይመስል ዝም አለ። ከዚያ ጫማውን አድርጎ ማኅተሙን መምታት ቀጠለ።

ያብስራ አልሳቀም። ዝዋይ ሄዶ አያውቅም። አባቱንም "አባባ" ብሎ ጠርቶ አያውቅም፤ "ጋሼ" ነበር የሚለው። ቦታውን መልሶ አየው። አህያው አሁንም ጫማውን አወለቀ፣ አሁንም ጠየቀ፣ አሁንም የሚመልስለት አጣ። ካርቱኑ ያብስራ የማያውቀውን ነገር ተናግሮ አያውቅም። መናገር አይችልምም፤ ነገሩ ሁሉ የተሠራው በዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህ ቀልድ የሌላ ሰው ነው፣ ብሎ አሰበ። ባዶ ነው ብለህ የገባህበት ቤት ውስጥ፣ ገና ትኩስ የሆነ ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ ነበር ስሜቱ። የሆነ ሰው አሁን ተነስቶ ሄዷል። የት ሄደ?

በማግስቱ ሰልፉ ላይ ከፊት የቆመችውን ወጣት ጠጋ አላት።

"ይቅርታ እህት፣ 'አሎ፣ ዝዋይ' ሲባል የሚያስታውስሽ ነገር አለ?"

"ምን?"

"ዓሣው ደርሷል።"

"ጋሼ፣ እኔ ዓሣ አላዘዝኩም።"

ከኋላዋ ያለውን ጠየቀ። "የግል ነው ጋሼ" አለው ሰውዬው፣ ፊቱ እየቀላ። ያብስራ ሌላ መንገድ አልታየውም። ጎንበስ አለና ጫማውን አወለቀ፣ ጆሮው ላይ ለጠፈ፣ የሰልፉን ፊት አንድ በአንድ እያየ ተናገረ። የሚያውቀው ሰው ካለ ፊቱ ላይ ያስታውቃል ብሎ ነው።

"ውሃ ስጡት" አለ አንዱ።

"ስኳሩ ወርዶ ይሆናል።"

"ኧረ አስቀምጡት፣ ይወድቃል!"

ሰልፉ ከስንት ዓመት በኋላ በአንድ ነገር ተስማማ፤ ጋሽ ያብስራ ደህና አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ አቶ ናሆም ራሱ መጣ። ሁለት ጊዜ አሳለ። "ማኅበሩ ስለ አንተ ጤንነት በጣም ነው የሚያስበው" አለ።

ቅዳሜ የዕድሩ ለቅሶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የየራሱን በጆሮው ይሰማል፤ የሟች ዘመድ እንኳ ከንፈሩን ሲነክስ ሐዘን ይሁን ሳቅ አይለይም። ያብስራ አጠገቡ ለተቀመጡት ሽማግሌ ዝቅ ባለ ድምፅ "ዝዋይ ዘመድ አለዎት?" አላቸው። "የሞተው ከዝዋይ ነው እንዴ?" አሉት። እሳቸውም አያውቁም።

ሰኞ ካርቱኑን ወደሚልከው ድርጅት ቢሮ ሄደ። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ሴት ቀና ብላ አላየችውም።

"ያልገባኝ ቀልድ አለ" አላት።

"ያልገባዎት ቀልድ ሊኖር አይችልም። ረስተውት ነው።"

"ዝዋይ ሄጄ አላውቅም እኮ።"

"እሱንም ረስተውት ይሆናል።" ፊቷ ያለውን ስክሪን አነበበች። "ማክሰኞ፣ አህያው ሲደውል፤ ይኸው፣ ስቀዋል።"

"አልሳቅኩም።"

"ስቀዋል ጋሼ። ለረጅም ጊዜ ነው የሳቁት።" ትንሽ አነበበች። "ከዚያ አልቅሰዋል።"

ያብስራ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። "ማነው ያለቀሰው?"

"መስመሩ ላይ ያለው ሰው። ብቻዎን ነው የሚኖሩት?"

"አዎ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

ስለዚህ ጉዳይ ተጠይቆ አያውቅም ነበር። ሴትየዋ መልሱን ሳትጠብቅ ቅሬታውን አስገባችለት፤ ቴክኒሻን እንደሚመጣም ነገረችው። ያብስራ ከቢሮው ሲወጣ ፈገግ ብሎ ነበር። አንድ ሰው ስቋል። ካርቱኑ አልተሳሳተም። ከዚያ ሰው ጋር በአንድ ሰዓት አንድ አህያ አይተዋል።

ቴክኒሻኗ ኤፍራታ ትባላለች፤ ጎልማሳ ናት፤ ወገቧ ላይ መሣሪያ የታጠቀች። የቲቪውን መስመር ሳጥን ከፈተች፣ ሽቦውን በጣቷ ተከትላ እስከ ግድግዳው ሄደች፣ ግድግዳውን አንኳኳች።

"ጋሼ፣ ከዚህ ጀርባ ማነው የሚኖረው?"

"ከዚያ ጀርባ ግድግዳ ነው።"

"ከግድግዳው ጀርባ ማለቴ ነው።"

አያውቅም። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ቤት በሩ በሌላ ደረጃ ነው። እዚያ ለመድረስ ወርደህ፣ ሕንፃውን ዞረህ፣ በዚያኛው በኩል መውጣት አለብህ። ያብስራ በሌላኛው ደረጃ ወጥቶ አያውቅም፤ ምን ሊሠራ ይወጣል?

ኤፍራታ ፕላስተሩን ላጠችው። ቢጫ ሆኗል። "ይኸውልዎት። ድሮ የአንድ ቤት መስመር ሲበላሽ ድርጅቱን ማን ይጠብቃል? ከጎረቤት መሳብ ነው። የሰፈር ቴክኒሻን መጥቶ ግድግዳውን በድሪል በስቶ፣ ሽቦውን ከእርስዎ ጋር ጠምዝዞ፣ አሽጎት ሄዷል። እርስዎንም አልጠየቀ፣ እነሱም መስመሩ ከየት እንደመጣ አልጠየቁ።" ሽቦውን አየች። "ለድርጅቱ ሁለታችሁም አንድ ሰው ናችሁ። ካርቱኑ የሁለታችሁን ሳቅ እየደመረ ለአንድ ሰው ሲሠራ ነው የኖረው።"

"ተዪው በቃ።"

"እንዴት ልተወው? ቅሬታውን ያስገቡት እርስዎ ነዎት እኮ!"

"አነሳዋለሁ።"

"ቅሬታው ይነሳል። ጥፋቱ ግን አንዴ ታውቋል።"

"ሁለት ሰው አንድ ካርቱን ማየት ክልክል ነው?"

ኤፍራታ አሰበች። "ክልክልስ አይደለም። ለሁለት ሰው የሚሆን ስለሌለ ነው።" መሣሪያዎቿን ሰበሰበች። "የእኔዎቹ የሚቀልዱት ስለ ሽቦ ብቻ ነው። ሰው ቢያየው ምን ይገባዋል?" ከዚያ የነገረችው የግሏ መሆኑ ትዝ ብሏት አፈረች። "ዛሬ መለያያው ዕቃ አልያዝኩም። ነገ ከሰዓት መጥቼ እለያችኋለሁ።"

ዕቃው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ያብስራ አይቶታል።

ወረደ፣ ሕንፃውን ዞረ፣ በሌላኛው ደረጃ ወጣ። ደረጃው ከራሱ ደረጃ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም ነገር ግን በተቃራኒው በኩል ነው። በሩን አንኳኳ።

"ማነው?"

"ከግድግዳው ወዲያ ነኝ።"

በሩ ትንሽ ተከፈተ። የእሱ እኩያ የምትሆን ሴት ናት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። "የመብራት ነው?"

"አይደለም። ጎረቤት ነኝ። ያብስራ እባላለሁ።"

"ጎረቤቶቼን አውቃቸዋለሁ።"

"በግድግዳ በኩል የሆነውን አያውቁትም።"

በሩን ልትዘጋው ነው። ያብስራ ምን ማለት እንዳለበት መንገድ ላይ አስቦበት ነበር፤ ሁሉም ጠፋበት። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና ጆሮው ላይ ለጠፈው።

"አሎ፣ ዝዋይ?"

ሴትየዋ የበሩን መቃን ያዘች። አልሳቀችም።

"ማን ነገረዎት?"

"አህያው።"

ሶልያና ትባላለች። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ወንበር ሰጠችው፣ ራሷ ግን ብዙ ጊዜ ሳትቀመጥ ቆየች።

"አባታችን ከዝዋይ ዓሣ የሚያመጣ ሾፌር ነበር" አለች። "አንድ ቀን ዓሣው በሌላ ሰው መኪና መጣ፤ እሱ አልመጣም። ወንድሜ ኢዮስያስ ያን ጊዜ ልጅ ነው። አባባ ትቶት የሄደውን ጫማ አነሳና ደወለለት። 'አሎ፣ ዝዋይ? ዓሣው ደርሷል። አባባስ?' የኔ ሥራ መመለስ ነበር። አልጋ ሥር እገባለሁ፤ ዝዋይ አልጋ ሥር ነበረች። ከዚያ ሆኜ 'አይሰማም! ጮክ በል!' እላለሁ። እሱ ይጮሃል። እኔ አሁንም 'አይሰማም!' ጎረቤት እስኪቆጣ ድረስ። እናታችን ዝም በሉ እያለች እሷው ትስቅ ነበር።"

"መጡ?"

"ማን?"

"አባትሽ።"

"አልመጣም።" መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ በቀሚሷ ጠረገችው። "ኢዮስያስ አምና ሞተ። ከቀብሩ ስመለስ ጫማዬን አንስቼ ደወልኩ፣ እዚሁ፣ ብቻዬን። ያኔ ሰምቶኝ ይሆናል ካርቱኑ። ከኢዮስያስ በኋላ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።"

"አሁን እኔም አለሁ።"

"አንተም አለህ" አለች፤ አንቱታውን መቼ እንደተወችው ሁለቱም ልብ አላሉም። ከዚያ በድንገት ወደ እሱ ዞረች። "የሚያስለውስ? ጅቡ ማነው? ስንት ዓመት ሙሉ ስቄበታለሁ! የሆስፒታላችን ሒሳብ ሹም ነው እያልኩ።"

"የማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። አቶ ናሆም።"

"እንደዚያ ነው የሚያስለው?"

ያብስራ ሁለት ጊዜ አሳለ፣ ደረቱን ነፋ፣ "ማኅበሩ ስለ አንቺ በጣም ነው የሚያስበው" አላት። ሶልያና ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። "ወይኔ! የኔው ሹም ነበር እኮ እንዲህ የሚለው! እየሳለ ነው ደመወዛችንን የሚያዘገየው!"

"እትዬ ጥሩስ? ዶሮዋ። አራተኛ ክፍል አስተምራኛለች።"

"የት?"

"ሳሪስ።"

ሶልያና ሳቋን አቆመች። "እትዬ ጥሩ ሀዋሳ ነው ያስተማረችው። የኔ መምህር ናት። ሹራቧን የምትገለብጠው ልብስ ስፌት ታስተምረን ስለነበር ነው፤ ስፌቱን በውስጥ በኩል እንድናየው።"

ያብስራ የእትዬ ጥሩን ፊት ያውቀዋል። በክፍሉ በር ስትገባ፣ ጠመኔውን ስታነሳ ያያታል። አንድ ቀን ራሱን ዳብሳው ነበር፤ ይህን ለራሱ ብዙ ጊዜ አስታውሷል። ታዲያ አራተኛ ክፍል እሱን ያስተማረው ማነው? አሰበ። ወንበር ብቻ ትዝ አለው። ወንበሩ ላይ ሰው አልነበረም።

"ውሰዳት" አለች ሶልያና፣ ፊቱን አይታ። "ለሁለት ትበቃለች።"

ቲቪውን ከፈተች፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አውራ ዶሮው ባዶው ታክሲ አጠገብ "አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ተንጎራደደ፣ ጅቡ ከመኪናው ወርዶ ሁለት ጊዜ አሳለ። ሁለቱም እኩል ሳቁ። ያብስራ ሳቁን አቋርጦ አዳመጠ፤ ሳቁ ቤት ውስጥ ቀጥሎ ነበር።

"ነገ ከሰዓት ይለዩናል" አላት ሲወጣ።

"በሩን እንደሁ አወቅኸው" አለችው።

ኤፍራታ በማግስቱ መጥታ ሽቦውን ለየችው፤ ቀዳዳውንም ደፈነችው። በደንብ ነው የደፈነችው፤ ልስኑ ላይ እጇን አንሸራትታ አለሰለሰችው። ስትጨርስ ግድግዳውን ትንሽ ቆማ አየችው። "በሉ ጋሼ" ብላ ሄደች።

ያብስራ ከሁለት ቀን በኋላ ሕንፃውን ዞሮ ሶልያና ዘንድ ሄደ። ቲቪዋን ከፈተች። ቲቪው አሁን የሚሠራው ለሶልያና ነው፤ ያብስራ አጠገቧ ሲቀመጥ ለማን እንደሚቀልድ ግራ ገብቶት ዝም አለ። ሁለቱ ባዶውን ቲቪ ፊት ለፊት ይዘው ተቀመጡ።

"ሥራ እንዴት ነው?" አለች።

"ደህና ነው። ይሰለፋሉ።"

"ጥሩ ነው መሰለፋቸው።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ጡረታ ነኝ።"

"አዎ፣ ነግረሽኛል።"

ድሮ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ይል እንደነበር ሁለቱም አያውቁም። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ዝናቡ ለሁለቱም አንድ ነበር፣ ግን አላሳቀም። "እሺ" አለ ያብስራ። "እሺ" አለች ሶልያና። እስከ በር ሸኘችው።

ቤቱ ገብቶ የእኔዎቹን ከፈተ። አሁን ሁሉም የራሱ ብቻ ነው። ጅቡ ጥርት ያለ አቶ ናሆም ሆኗል፤ ሒሳብ ሹሙ ከውስጡ ወጥቶ ሄዷል። ያልገባው አንድም ነገር የለም። አራተኛ ክፍል ታየ። ዶሮዋ የለችም፤ በእሷ ቦታ ባዶ ወንበር አለ። ወንበሩ ደወል ሲደወል ብቻውን ተነሳ፣ ጥቁር ሰሌዳው ጋ ሄደ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ይህም ያብስራ የሚያውቀው ነገር ነው።

ከዚያ አህያው ማኅተሙን አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

"አሎ፣ ዝዋይ? ዓሣው ደርሷል። አባባስ?"

ያብስራ ተነስቶ ቆመ። በስህተት የመጣ አይደለም። ቀዳዳው ተደፍኗል። አህያው አሁን የደወለው ያብስራ ቀልዱን ስለሚያውቀው ነው፤ ቀልዱ የእሱም ሆኗል። አህያው እንደ ልማዱ መልስ ጠበቀ። እንደ ልማዱ አጣ። መልሱን ካርቱኑ አያውቀውም፤ ብቻውን የሚደውል ሰው እንጂ የሚመልስ ሰው ሰምቶ አያውቅም።

ድምፁን አጠፋው። ጫማውን አወለቀ። ፊቱን አዲሱ ልስን ወዳለበት አዞረና ጫማውን ጆሮው ላይ ለጠፈ።

"አሎ" አለ። "ዝዋይ?"

ከላይኛው ፎቅ አንድ ሰው ብቻውን ሳቀና አቆመ።

"ዓሣው ደርሷል።"

ከግድግዳው ወዲያ ዕቃ የሚጎተት ድምፅ ተሰማ። ከባድ ዕቃ ነው፣ ወለሉን እየቧጨረ። ከዚያ ቆመ። ያብስራ ጫማውን ከጆሮው ሊያወርደው ነበር።

"አይሰማም!" አለ ድምፁ። ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ ነው የመጣው፤ አልጋ ሥር የገባ ሰው ድምፅ ነው። "ጮክ በል!"

ቲቪው የሚያየው ሰው ስላጣ ራሱን አጠፋ። ያብስራ አየር ሳበና፣ ድሮ ተሳፋሪ ይጠራበት በነበረው ድምፅ፣ ጮኸ።